ሚሞሪ ላይ ያልተጫነው ትምህርት

በጭድ የተሞላ ጆንያ በመዳፍ ሲመታ «ጧ» ይላል። ይህን ድምፅ ስሰማ አራት ሰዎች በየተራ ትዝ ይሉኛል፦ ታላቅ ወንድሜ ሰይፉ፣ እናታችን በላይነሽ፣ የካራቴ አስተማሪያችን ማስተር ግርማ፣ ዱባይ ተራ በሚባለው ገበያ ስልክ ላይ ዘፈንና ፊልም ይጭን የነበረው ሙባረክ። አምስተኛው እኔ ነኝ፤ ያኔ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ከአምስታችን ውስጥ ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ሰው ጉዳት በሰማ ቁጥር ጥፋተኛ መፈለግ ስለሚቀናው ነው።

የምንኖረው ሰባተኛ በሚባለው ሰፈር፣ ግቢው የጋራ በሆነ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ነበር። አባታችን በሕይወት አልነበረም። እማዬ ሽንኩርትና ቲማቲም በመደብ ትቸረችር ነበር፤ ሰይፉ ደግሞ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ደብተሩን ወርውሮ ይወጣና የልባሽ ጨርቅ ቦንዳ ከመኪና እያወረደ ወደ ሱቆች ይሸከም ነበር። የቤት ኪራያችንን የሚከፍለው የእሱ ትከሻ ነበር። እማዬ ማታ ማታ ትከሻውን በቅባት እያሸች «ይቺን ትከሻህን ጠብቅልኝ» ትለው ነበር።

ማስተር ግርማ ቀን ጋራዥ ውለው ማታ አብነት ሰፈር ባለች አሮጌ አዳራሽ ያሰለጥኑ ነበር። እኛ ሁሉንም ካራቴ ነበር የምንለው፤ እሳቸው ግን «ጁዶ ነው» እያሉ ያርሙን ነበር። ምንጣፉ ከነጋዴ የተለመነ ጆንያ በጭድ ተሞልቶ የተሰፋ ነበር። በዚያ ክረምት ሁለታችንም ተመዘገብን፤ ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እኛ ውስጥ ከመውደቅ በቀር ምንም አልተማርንም። ማስተር አንገታችን ስር እጃቸውን እያስገቡ፣ አገጫችንን ወደ ደረታችን እየገፉ፣ ክንዳችንን ሳንዘረጋ በመዳፋችን መሬቱን በጥፊ እንድንመታ እየደጋገሙ ይጥሉን ነበር። በመስኮት የሚያዩን ልጆች «ጤፍ ነው እንዴ የምትወቁት?» እያሉ ይስቁብን ነበር።

ሰይፉ ሰለቸው። «ማስተር፣ እኔ መውደቅ ጠፍቶኝ ነው? ጭቃው ላይ ጠዋት ማታ የምወድቀው እኮ በነፃ ነው!»

«አወዳደቅህን አይቼዋለሁ» አሉት። «እሱን ነው የማስጥልህ።»

መስከረም ሲጠባ ሰይፉ ቀረ፣ እኔ ቀጠልኩ። በዚያው ወር ያገለገለ ስልክ ገዝቶ ወደ ሙባረክ ሄደ። ኢንተርኔት በየሰው ኪስ ያልገባበት ጊዜ ስለነበር፣ ሰው የፈለገውን ቪዲዮ እንደ ሙባረክ ያሉ ልጆች ከኢንተርኔት አውርደው ሚሞሪ ካርድ ላይ ይጭኑለት ነበር። ሙባረክ ሰይፉን ይወደው ነበርና፣ አንድ ፈረንጅ ጁዶ የሚያስተምርበትን ቪዲዮ በሙሉ ፈልጎ አገኘለት።

«ፈረንጁ ወሬ ያበዛል ሰይፍሻ» አለው ካርዱን እየመለሰለት። «ወሬውን ቆርጬ ጥል ጥሉን ብቻ ነው የጫንኩልህ። በተረፈው ቦታ ዘፈን ጨመርኩልህ።»

«አንበሳ!» አለው ሰይፉ።

መቁረጥ የዚያ ሥራ ደግነት ነበር። ካርዱ ጠባብ፣ ቋንቋው እንግሊዝኛ፣ ደንበኛው ደግሞ ችኩል ስለነበረ፣ ጎበዝ ጫኝ የሚባለው ትርፉን አውጥቶ ፍሬውን የሚሰጥ ነበር።

በጋው እንዲህ አለፈ፦ ሰይፉ ስልኩን ግቢው አጥር ላይ አስደግፎ ያያል፣ ያቆማል፣ ደግሞ ያያል፣ ከዚያ እኔን በቀበቶዬ ይዞ ይጥለኛል። እኔም «ጧ» አድርጌ ወድቄ እነሳለሁ። እውነቱን ለመናገር ጎበዝ ነበር፤ እኛ ገና ያልደረስንበትን አጣጣል ከስልክ ብቻ አይቶ አሳምሮ ይሠራ ነበር። «አየህ? አስተማሪ የለ፣ ጩኸት የለ!» ይለኝ ነበር። ደህና ሆኜ በተነሳሁ ቁጥር ትምህርቱ የተሟላለት ይመስለው ነበር። ግማሹ ሙያ በእኔ ጀርባ ላይ እንዳለ ሁለታችንም አላወቅንም፤ ስልኩም አልነገረን።

ሁዳዴ ጾም ገብቶ፣ አንድ እሁድ ጎረቤት ልብስ ያጠበችበት ውሃ ግቢው ላይ ፈስሶ ነበር። ሰይፉ ወገቡ ላይ ሊያወጣኝ ሲዞር እግሩ አዳለጠውና ሁለታችንም አብረን ወደቅን። የእኔ መዳፍ መሬቱን መታ። እሱ ግን ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው መሬቱን ሊደገፍ ቀኝ እጁን ዘረጋ። የሰማሁትን የትከሻውን ድምፅ አልጽፈውም። እማዬ ከደጅ ሮጣ መጥታ ሁለታችንንም አየችና፣ ማንን ቀድማ እንደምታነሳ ቸግሯት ቆመች። ተነስቼ ጭቃዬን ስጠርግ ነው ወደ እሱ የዞረችው።

ወጌሻ ዘንድ ወሰደችው፤ ወጌሻው ጎተተው፤ እብጠቱ ባሰ። ሆስፒታል ስንደርስ «ዘግይታችኋል» ተባልን። እጁ ዳነ፤ ትከሻው ግን ከዚያ በኋላ ቦንዳ አልተሸከመም።

ማስተር ሊጠይቁት መጡ። አልተቆጡም። ስልኩን ተቀብለው ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው አዩና «መጀመሪያው የታለ?» አሉ። ሙባረክም ብርቱካን ይዞ መጥቶ በር ላይ ተቀምጦ ነበር።

«መጀመሪያው ላይማ ፈረንጁ ይንከባለል ነበር ማስተር» አለ አንገቱን ደፍቶ። «እየተንከባለለ መሬቱን በጥፊ ይመታል። የሚቀልድ መስሎኝ ቆረጥኩት።»

ማስተር ስልኩን ሰይፉ ጭን ላይ መልሰው አስቀመጡ። «እንግዲያው ሰውየው አስተማሪ ነው፤ እኔ የማስተምረውን ነው ያስተማረው። ሙባረክ እሱን ቆረጠው፤ አንተ ደግሞ እኔን ቆረጥከኝ።»

ሰይፉ ሕመሙ ሳይለቀው ሳቀ። «ያውም ዘፈን ሳይጨመርልኝ» አለ።

ከፋሲካ በኋላ እኔ ወደ ማታ ትምህርት ተዛወርኩ፤ ቀን በሰይፉ ፋንታ ቦንዳ ላወርድ መኪና ስር ቆምኩ። ዛሬ ፍሪጅ እጠግናለሁ፤ ሙያውን የተማርኩት ማንም ሳያስተምረኝ፣ ከስልክ ነው። ስለዚህ ስልክን የሚያጣጥል አባት አይደለሁም። የምለው አንድ ነገር ነው፦ ከመጀመሪያው እይ፤ የሚሰለችህን ክፍል ደግሞ ሁለት ጊዜ እይ። ፍሪጅ ብሳሳት ይቃጠላል፣ ሌላ ይገዛል። ሰውነት ግን አንገቱ ስር እጅ የሚያስገባለት ሰው ይፈልጋል።

ባለፈው ክረምት ልጄ ሜሮን በእኔ ስልክ ጁዶ ስታጠና አገኘኋት። ገና አንደኛ ክፍል ናት። ትራሱን ወገቧ ላይ አውጥታ አልጋው ላይ ጣለችው፤ ያምር ነበር።

«መውደቁን አሳዪኝ» አልኳት።

«እሱን ስኪፕ አድርጌዋለሁ አባዬ። ይደብራል።»

ያኔ ሙባረክ ቁጭ ብሎ ይቆርጠው የነበረውን፣ አሁን የሰባት ዓመት ልጅ በአንድ ጣቷ ትዘለዋለች። ስልኩን ከእጇ ወስጄ፣ ልትነጫነጭ ስትጀምር ጫማሽን አድርጊ ብዬ ወደ አብነት ይዣት ሄድኩ። አዳራሹ ታድሷል፣ ጆንያው በስፖንጅ ተተክቷል፤ ማስተር አርጅተው ወንበር ላይ ተቀምጠው በተማሪያቸው በኩል ያሰለጥናሉ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ የሚወስዳት ሰይፉ ነው፤ በግራ እጁ ይዟት ይሻገራል።

በአጠቃላይ ያስወጣን ይህ ነው፦ ሰይፉ ቀኝ ትከሻውን፣ እማዬ ለሕክምናው የሸጠችውን የጆሮ ወርቋን፣ እኔ የቀን ትምህርቴን፣ ማስተር ያን እጅ ሲያሹ ያሳለፏቸውን እሁዶች፣ ሙባረክ ለሰይፉ መሥሪያ ብሎ የለቀቀለትን የሱቁን ግማሽ ባንኮኒ። ሜሮን እስካሁን የከፈለችው የቀላ መዳፍ ብቻ ነው።