የሽታዬ የእንግሊዝኛ ትምህርት

ሽታዬ ሪያድ ውስጥ የእንግሊዝኛ መምህርት ናት። እንዲህ የሚባለው ግን ወልዲያ ብቻ ነው፤ መላዝ በተባለው የሪያድ ሰፈር ያሉት አሠሪዎቿ ቤት ጠራጊነቷንና ወጥ ሠሪነቷን ያውቃሉ። ኮሌጅ ከፍሎ ያስተማራት ወንድሟ ገብረሥላሴ ነው። ለእሱ እውነቱን መንገር አሳፈራትና «ትምህርት ቤት ቀጠረኝ» አለችው። እሱ ደግሞ ደስ ብሎት ለሰፈሩ ሁሉ አወራ። ከዚያ ወዲያ በየት በኩል ትመለስ?

ጉዱ የመጣው የገብረሥላሴ ልጅ አርሴማ ስምንተኛ ክፍል ስትገባ ነው። ያልገባትን ሁሉ በቪዲዮ እየደወለች አክስቷን ትጠይቃለች። የሽታዬ እንግሊዝኛ ደግሞ ወጥ ስታማስል ተኖ አልቋል። እናም የማዳምን ጥቁር ጃኬት ከሠራተኛ ልብሷ ላይ ትደርብና መጽሐፍ መደርደሪያው ፊት ትቀመጣለች፤ መልሱን የምትለቅመው ከአሠሪዋ ልጅ ከሰባት ዓመቷ ጁሪ ነው። ወይ መምህርት!

«አክስቴ፣ ቴክ ኦፍ ምን ማለት ነው?» አለች አርሴማ አንድ ቀን። «አንዱ ጋ መነሳት ይላል፣ ሌላው ጋ ማውለቅ። ተምታታብኝ።»

ሽታዬ ስልኩን ሸፈን አድርጋ ጁሪን በዐረብኛ ጠየቀቻት። ጁሪ ግን ዘላ ካሜራው ፊት ቆመች። እጆቿን እንደ ክንፍ ዘርግታ እየሮጠች ተነሳች፤ አውሮፕላን መሆኗ ነው። ቀጥላ ጫማዋን አወለቀች። አርሴማ ከት ብላ ሳቀች። ጁሪ ሳቅ ስታገኝ መች ይበቃታል!

«ያላ ሽታዬ፣ ቴክ ኦፍ!» ብላ ጃኬቱን ከኋላ ጎትታ አወለቀችው።

ሰማያዊው የሠራተኛ ልብስ ከነሽርጡ ወጣ። የሽታዬ ፊት በእፍረት ነደደ፤ ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። አርሴማ ሳቋን አቁማ ሽርጡን ታያለች።

ወዲያው የገብረሥላሴ ድምፅ ተሰማ። «አክስትሽ ናት? አስረዳችሽ?»

አርሴማ ስልኩን አባቷ እንዳያየው ወደ ግድግዳው ዞር አደረገችው። «አዎ አባዬ፣ ከተማሪዋ ጋር ሆነው አስረዱኝ። አሁን ክፍል ልትገባ ነው።»

ለአባቷ ዋሽታ የማታውቅ ልጅ ናት። ሽታዬ ይህን ሰምታ ማለፍ አልቻለችም። «አርሴማ፣ የኔ ልጅ፣ ስልኩን ለአባትሽ ስጪው» አለቻት።

አርሴማ ስልኩን ወደ ራሷ ብቻ መለስ አድርጋ እንባ ባቀረረ ዐይኗ አየቻት። «ኔትወርኩ ተበላሸ አባዬ» አለች ቀስ ብላ፤ «አክስቴ አትሰማንም።»

ሽታዬ ግን ጥርት አድርጋ ትሰማ ነበር።