ያልታሰሩትን ፍለጋ

አባቴ ቲኬት ቆርጦ እንስሳት ማቆያው ግቢ ይገባና አንበሳውን አያይም ነበር። «እሱማ የት ይሄዳል? ታስሯል!» ይልና ወደ ቁጥቋጦው ይወስደኛል። የእሱ ጉዳይ በግቢው ውስጥ እንደ ልባቸው ከሚዞሩት ጋር ነው፤ ከጦጣዎቹ፣ ከጅግራዎቹ፣ ከአንድ ግዙፍ ኤሊ። ቀድሞ ያየ ይጮሃል፤ እሱ «ያውልሽ!» እኔ «ያውልህ!»። ስድስት ቀን አቃቂ ክር ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ሲጮህበት ይውላል፤ እሁድ የመጮህ ተራው የእሱ ነበር። ጎረቤቶቻችን አባቴን «አንተ» ስለምለው ስድ ይሉኝ ነበር። አንቱታውን የከለከለኝ ግን ራሱ ነው። «አንቱ ካልሽኝ እንግዳ አደረግሽኝ ማለት ነው» ይለኛል።

አሁን ገላን ኮንዶሚኒየም፣ እኔ ቤት ነው የሚኖረው። ማስታወሱ እየከዳው ነው። በመጀመሪያ የዕቃ ስም ጠፋው፣ ቀጥሎ የሰፈሩ መንገድ። አንድ ጠዋት ሻይ ሳቀርብለት «እግዜር ይስጥልኝ፣ አስቸገርኩዎት» አለኝ። ቀልደኛ ነውና ሲያሾፍብኝ መስሎኝ ሳቅኩ። ምሳ ላይ «እርስዎም ይብሉ እንጂ» ሲለኝ ሳቄ ቀረ። ለወንድሜ በስልክ ስነግረው «ታድለሽ፣ በአባትሽ አንቱ ተባልሽ!» ብሎ ሊያስቀኝ ሞከረ፤ ጆሮው ላይ ዘጋሁት። ለቁጣ ድሮም ቅርብ ነኝ። ከሐኪም ተአምር አልጠበቅኩም፤ አንዴ ብቻ «አንቺ» ቢለኝ ይበቃኝ ነበር።

ለዚያ ነው ባለፈው እሁድ በሚኒባስ ይዤው ወደዚያ ግቢ የሄድኩት። ስንሳፈር «እርስዎ ይቅደሙ» ብሎ በሩ ላይ ቆሞ ሲጠብቀኝ ከኋላ ያሉት አጉረመረሙ። ዞሬ ገላመጥኳቸው።

ግቢው ውስጥ አንበሳው ሲያገሳ ዞሮ እንኳ አላየውም። ልቤ ዘለለ። እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ጎንበስ ብሎ ቁጥቋጦ ቁጥቋጦውን ያይ ጀመር። እኔም በዚህ ዕድሜዬ፣ ምንም ሳላይ፣ «ያውልህ!» ብዬ ጮህኩ።

«የት ጋ? ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ዓይኔ ደክሟል» አለኝ። አፈርኩ።

ትንሽ ወደ ኋላ ቀርቼ ውሃ ስገዛ ድምፁን ሰማሁ።

«ያውልሽ! አየሽው? ቀደምኩሽ!»

የውሃውን መልስ ሳልቀበል ሮጥኩ። «አየሁት አባዬ! አየሁት!» እያልኩ፣ እያለቀስኩ ደረስኩ። ኤሊው አጥሩ ሥር የጎመን ቅጠል ይበላል። አባቴ ግን ወደ እኔ አልዞረም። እጁ ስድስት ዓመት የሚሆናት፣ የማላውቃት ልጅ ትከሻ ላይ ነበር። እሷም ትስቃለች።

«ልጄ ናት» አለኝ ኮራ ብሎ። «ኩርፊያ ታበዛለች፤ ዓይኗን ግን ምንም አያመልጠውም።»

አባቴ ኤሊውን ለመንካት ጎንበስ ሲል የልጅቷ እናት መጣች፤ በፈገግታ አመስግናኝ ልጇን ይዛ ሄደች። እሱ ቀና ሲል ልጅቷ የለችም። ፊቱ አመድ መሰለ። ወዲያው የእኔን ስም ጮክ ብሎ ተጣራ፤ በልጅነቴ ያቆላምጠኝ በነበረው ስም። ከአፉ ከሰማሁት ወራት አልፈው ነበር።

«አባዬ፣ እኔ እኮ ነኝ! ይኸው!» ብዬ እጁን ያዝኩት።

«እባክዎ አይቀልዱብኝ» አለኝ። «ትንሽ ልጅ ናት። ወደ ቤት መመለሻውን አታውቅም። ያፋልጉኝ።»

እሱ በቁጥቋጦዎቹ በኩል ሄደ፤ እኔም በአጥሩ በኩል ዞርኩ። ዘበኞቹ ግቢው ሊዘጋ ነው እስኪሉን ድረስ የራሴን ስም እየተጣራሁ አፋለግኩት።