አለቃ ኮሶ በጠጡ ቀን ለሐኪምነት ተፈተንኩ

መድኃኒት ለመማር አዋቂ ደጅ የሚሄድ ሰው ምን ተብሎ ይጠየቃል? እኔም ቅኔ ቤቴን ጨርሼ ወደ የካ ከተመለስኩ ጀምሮ ያገኘሁትን ሁሉ የምጠይቀው ይህንኑ ነበር።

ጓደኛዬ ገብሬ ከኔ በፊት ሞክሮ የተመለሰ ነው። «አለቃ ጎሹ የሚፈልጉት ታዛዥ ነው። እኔን የጣለኝ ክርክር ነው። ያሉህን ሁሉ እሺ በል፤ አለቀ» አለኝ።

ንጉሡ እንጦጦ ላይ ከከተሙ ወዲህ በሽተኛው ሁሉ የሚጎርፈው እኒህ አለቃ ጎሹ ደጅ ነው። አባቴ ደግሞ ቁርጡን ነግሮኛል... እሳቸው ካልተቀበሉኝ ድጓ ልማር ወደ ጎጃም መመለሴ ነው። እኔ ግን ልቤ የተሰቀለው ሕክምና ላይ ነው።

ትናንት ጠዋት፣ ያጠብኩትን ኩታ ደርቤ ዳገቱን በጥዱ መሀል ወጣሁት። ያየሁትን ቅጠል ሁሉ ከነጥቅሙ እየጠራሁ ነው የምሄደው። አንድም አልጠፋኝም። «ዛሬ ካልተቀበሉኝ የሚቀርባቸው ለሳቸው ነው» እላለሁ በልቤ።

ደጃፉ ላይ ባለቤታቸው እመት የሺ አስቆሙኝ። «ጌታው ኮሶ ጠጥተዋል። ዛሬ ሰው አያዩም።»

እንግዲህ «ኮሶ ጠጥተዋል» ማለት «ሂድልኝ» ማለት መሆኑን የማያውቅ ማን አለ? ስንቱ ሹም ስንቱን ባለጉዳይ በኮሶ መልሷል! ፈገግ ብዬ «እጠብቃለሁ እመት» አልኩና አጥሩ ሥር ቁጭ አልኩ።

ቀትር ላይ ከውስጥ የሚያቃስት ድምፅ ሰማሁ... ለካ እውነት ኖሯል!

እመት የሺ ፊታቸው ተለዋውጦ ብቅ አሉ። «አንተ ተማሪ፣ ግባ እስቲ! የጠዋቱ አልሠራልኝም ብለው ሌላ በጥብጪ አሉኝ። እኔን መቼ ሰምተው ያውቃሉ!»

አለቃ መደቡ ላይ ተጋድመዋል። ከንፈራቸው ደርቋል፤ ዓይናቸው ጎድጉዷል። ሆኖም ፈተናውን አልተውትም።

«ልትማር የመጣኸው አንተ ነህ?»

«አዎን የኔታ።»

«ታዛዥ ነህ?»

«ነኝ።»

«እንግዲያው ያን ዋንጫ አቀብለኝ።»

የተበጠበጠውን ኮሶ ከነዋንጫው አነሳሁት። ብሰጣቸው ገባሁ ማለት ነው... ግን ኮሶ በዝቶበት የሞተ ጎረቤት ቀብሬ አውቃለሁ።

«ጠዋት ምን ያህል ጠጡ የኔታ?»

«ጠያቂው እኔ ነኝ!»

«ዛሬ ግን በሽተኛው እርስዎ ነዎት።»

«አንተ ውርጋጥ! ለስንቱ ኮሶ ሰጥቼ አድኛለሁ!»

«ከነሱ ውስጥ ለማን ነው በአንድ ቀን ሁለቴ የሰጡት?»

እመት የሺ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ፊታቸውን አዞሩ... እንደሚስቁ ትከሻቸው ያሳብቃል።

«አቀብለኝ ብዬሃለሁ!»

ወጥቼ ከደጅ አፈሰስኩት።

«ውጣ! ሕክምና ላንተ አልተፈጠረም!» የሚለው ጩኸት አጥሩ ድረስ ተከተለኝ። አለቀልኝ አልኩ። ድጓውን፣ የጎጃምን መንገድ፣ የአባቴን ፊት ሳስብ... አለቃ ጎሹ ጋቢያቸውን ሰብስበው በአጠገቤ ውልብ አሉ። በዚያ ዕድሜ እንደዚያ ሲሮጥ ሰው አይቼ አላውቅም። የጠዋቱ ኮሶ ሠራ!

ቆይተው ግድግዳ ግድግዳውን እየተደገፉ ተመለሱ። ላብ አጥምቋቸዋል፤ ፊታቸው ግን በርቷል።

«ገና አልሄድክም?»

«በሽተኛ ትቼ የት እሄዳለሁ?»

አተኩረው አዩኝ። «ሰኞ ማልደህ ና። አፍህን ግን እዚያው ቤትህ ትተኸው ና... የዛሬውንም ነገር ለሰው እንዳታወራ!»

እስቲ ፍረዱኝ። እናንተ ብትሆኑ ዋንጫውን ታቀብሏቸው ነበር? መልሳችሁን ላኩልኝ፤ ብቻ አለቃ ጆሮ እንዳይደርስ። የበሽተኛን ምስጢር የመጠበቁን ትምህርት ገና አልጀመርኩም።