የዲንሳ ምድጃ ካሳ

ባሌ ዲንሳ ቁጭ ማለት አይሆንለትም ነበር። ይህን አስቀድሜ ካልተናገርኩ ቀጥሎ የማወራላችሁ ሁሉ እብደት ይመስላችኋል። ቆሞ ይበላል፣ እየዞረ ያወራል፣ ለቅሶ ቤት እንኳ ሦስት ጊዜ ወጥቶ ይገባል። ሊያጨኝ ሽማግሌ በላከ ጊዜ እናቴ «ይህ ሰው እግሩ ውስጥ ጉንዳን አለ እንዴ?» ብላ ነበር። አንድ ቦታ የሚረጋው እሳት ፊት ብቻ ነው። ወናፉ ሲነፋና ብረቱ ሲግል ያኔ ዲንሳ እንደ ሰው ይቀመጣል፤ ከጧት እስከ ማታ ካልጠሩት አይነሳም።

እንግዲህ ይህን ሰው እሳት ከለከሉት።

ቤታችን የካ ነው፣ ከኮረብታው ግርጌ። መሬት የለንም፤ ለቀጥቃጭ ማን መሬት ይሰጣል! የምንበላው ከሃያ ሦስት ገበሬ ነው። ዲንሳ ዓመቱን ሙሉ ማረሻቸውን ይስላል፣ የተሰበረውን ይጠግናል፣ አዲስም ይሠራል፤ እነሱ ደግሞ በታኅሣሥ ሲወቁ አምስት አምስት ቁና ይሰፍሩልናል። በመሀል የሚሰጥም የሚቀበልም የለም። እርሻ ሲገባ፣ በግንቦትና በሰኔ፣ የአንዱን ገበሬ ማረሻ የሳለ ቀጥቃጭ የታኅሣሡን እህል ይወስዳል። ያ ወቅት ካመለጠን እስከ ከርሞ የሚበላ የለም። የሚበላ ከሌለ ደግሞ ከየካ ተነቅለን፣ ልጆቻችንን ይዘን፣ ቀጥቃጭ የሚፈልግ አገር ፍለጋ መሰደድ ነው። አንድ ጊዜ ተሰደን ነው የመጣነው። ሁለተኛ እንዳይደርስብኝ ለማርያም ተስዬ ነበር።

ከሰሉ የሚወርደው ከእንጦጦ ጫካ ነው። ዱሮ ማንም እየወጣ ያከስል ነበር። የንጉሡ ከተማ ተራራው ላይ ከወጣ ወዲህ ግን ጽዱም ወይራውም እያለቀ ሄደና ለጫካው ሹም ተሾመለት፣ ከበበ የሚባል። ከዚያ በኋላ ያለ ከበበ ፈቃድ አንዲት ጭራሮ አትወርድም። ከዲንሳ ጋር የነበራቸው ውል ቀላል ነው፤ ዲንሳ የእንጨት ቆራጮቹን ምሳር ሁሉ ይስላል፣ ከበበ በየሳምንቱ ሦስት ስልቻ ከሰል ይልክልናል። አራት ዓመት እንዲህ ኖርን። ዲንሳ አንዲት ምሳር እንኳ ሳይስል መልሶ አያውቅም፤ ዋሽቼ ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው።

ነገሩን ያበላሸው የዲንሳ ችኩልነት ነው። የአገራችንን ሰው ታውቁታላችሁ፤ የሰው ከብት ያደነቀ ሁሉ «ማርያም ትጠብቃት» ማለት አለበት። ቀጥቃጭ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ባያደንቅ ይሻለዋል፤ እኛን ቡዳ ናቸው፣ በዓይናቸው ይበላሉ ነው የሚሉን። ዲንሳ በግንቦት ልደታ ማግስት የሳላቸውን ምሳሮች ሊያደርስ ከበበ ደጅ ሄደና ጥቁሯን ላም አየ። «ይህችስ ላም ናት» አለና፣ እግሩ መች ይረጋል፣ ማርያምን ሳይጠራ ተፈተለከ። በሦስተኛው ቀን ላሟ ሞተች። የበልግ ዝናብ ያበቀለውን ማጌት የሚባል እርጥብ ሣር ስትግጥ ውላ ሆዷ ተነፍቶ ነው የሞተችው፤ የሰፈሩ እረኛ ሁሉ ያውቃል። ከበበ ግን ዲንሳ በላት አለ።

በዚያው ሳምንት ከሰሉ ቀረ።

መጀመሪያ ዝናብ ይዟቸው ይሆናል አልን። በሁለተኛው ሳምንት ዲንሳ ራሱ ተራራውን ወጣ። ቆራጮቹ እሱ በሳለው ምሳር እየቆረጡ ዓይኑን ለማየት አፈሩ፤ ለዲንሳ ፍም የምታህል እንዳትሰጡ ተብለናል አሉት። ከዚያ ወደ ከበበ ደጅ ሄደ፤ አላስገቡትም። ሽማግሌ ላክን፤ ሽማግሌዎቹ የከበበን ጠላ ጠጥተው፣ አፋቸውን ጠርገው ተመለሱ። አንጀቴ አረረ። ኩበት ለቅሜ እስቲ በዚህ ሞክር ብለው ሳቀብኝ፤ ኩበት ንፍሮ ያበስላል እንጂ ብረት አያግልም። እሱንም ዝናቡ አበሰበሰውና ለማብሰያም ሳይሆነን ቀረ።

ቤታችን ውስጥ ማረሻ ተከመረ። ዲንሳ ከምድጃው ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ምድጃው ይመላለሳል። መዶሻውን ያነሳል፣ ያስቀምጣል። ባዶ አመድ ላይ ወናፍ ሲነፋ ሁለት ጊዜ አግኝቼዋለሁ፤ አመዱ ፊቱ ላይ በኖ ዓይኑን አያብስም። ተው ብለው አይሰማ፣ ተቀመጥ ብለው አይቀመጥ። ውጭ ዝናቡ መሬቱን አለስልሶት ገበሬው ሁሉ ተቁነጥንጧል። አንድ በአንድ እየመጡ፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ ማረሻቸውን ከክምሩ እየለዩ፣ ወንዝ ተሻግረው ገረሱ ወደሚባለው ቀጥቃጭ ይወስዱ ጀመር። አንድ ማረሻ በወጣ ቁጥር የልጆቼን እንጀራ ይዞ የወጣ ይመስለኝ ነበር።

ሰኔ በገባ በመጀመሪያው ማክሰኞ ጨው ፍለጋ ሾላው ሥር ወደሚቆመው ገበያ ሄድኩ። ዲንሳም ቤት መቀመጥ ስላቃተው ተከተለኝ። ከበበ በበቅሎ ሲመጣ አየነው። ያዙኝ ልቀቁኝ የለ፤ ዲንሳ ቀጥ ብሎ ሄዶ ልጓሙን ጨበጠ። ከበበ አለንጋውን አነሳ። ዲንሳ ግን ፊቱን ወደ መንገዱ መልሶ አንድ ባለ ጥምጥም መንገደኛ አየና «በንጉሥ አምላክ፣ ዳኛ ይሁኑን» አለው። በንጉሥ ስም ዳኝነት የተጠየቀ መንገደኛ ጥሎ መሄድ አይችልም፤ ሹም ቢሆን፣ ለማኝ ቢሆን። መንገደኛው ገብረማርያም የሚባል የእንጦጦ ማርያም ደብተራ ነበር፣ ብራና ሊገዛ የወረደ። ፊቱን አጨማደደ፣ ሰማዩን አየ፣ ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

ሁለቱንም ሰማ። ዲንሳ ያለ ጥፋቴ ከሰል ቆርጦብኝ ገበሬዎቼ ተበተኑ፣ ካሳዬን ይክፈለኝ አለ። ከበበ ላሜን የበላ ቡዳ ነው፣ ለቡዳ እሳት አልሰጥም አለ። ገብረማርያም ይህ በመንገድ የሚያልቅ ነገር አይደለም፣ ሐሙስ ዳኛው እዚሁ ሾላ ሥር ይቀመጣልና እስከዚያ ተከሳሹ ዋስ ይጥራ ብሎ ፈረደ።

ከበበ ዞር ብሎ ገበያውን አየ። የማያውቀው ሰው አልነበረም። ጠላ ጠማቂዋ ነበረች፤ አምና እንጨት ከልክሏት ብቅሏ ሻግቶባታል። ሸክላ ሠሪዋ ነበረች፤ ገንቦዎቿን ሳታቃጥል ክረምት ገብቶባታል። አንዱን ጠራ፤ ሰውየው እንዳልሰማ ሆኖ የሽንኩርት ጉንጉን መረጠ። ሌላውን ጠራ፤ እሱም ጎንበስ ብሎ የአህያውን ጆሮ አከከ። ያን ሁሉ ሰው በብርድ ያስተኛ ሹም የሚዋሰው አንድ ሰው አጣ። እኔ ሳቄን ለመዋጥ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ ነበር።

ዋስ የሌለው ተከሳሽ ደግሞ ከከሳሹ ጋር ይቆራኛል፤ ሕጉ ነው። ገብረማርያም የዲንሳን ጋቢ ጫፍ ከከበበ ኩታ ጫፍ ጋር አጥብቆ ቋጠረው። ዳኛ ሳያዝ ቋጠሮውን የፈታ እንደ ተረታ ይቆጠራል አላቸው። ብራናውን ሳይገዛ ዳገቱን ወጣ።

አሁን እንግዲህ ከበበን አስቡት። ዕድሜውን በበቅሎ የሄደ ሰው፣ አንድ ቦታ መቆም ከማይችል ሰው ጋር ተቋጥሮ! ዲንሳ ለቋጠሮ ብሎ ይቀመጣል? ያን ቀን ከሾላ እስከ ቀበና፣ በማግስቱ ከቀበና እስከ ተራራው ወገብ፣ በጭቃ በዝናብ፣ የሃያ ሦስቱን ገበሬ ደጅ አንድ በአንድ ዞረ። ማረሻችሁ ከእኔ ጋር ነው ወይስ ሄዷል እያለ ይጠይቃል። ከበበ እየተንሸራተተ ከኋላ ይጎተታል። እየተራገመ ጀመረ፣ እያለከለከ ጨረሰ። ከዱሮ ጀምሮ ደንበኛችን የነበረው ፈዬራ ደጁ ላይ ሲያያቸው አፍሮ ሊገባ ነበር፤ ተመልሶ ከበበን አየና «ዝናብ አይጠብቅም ጌታው። እሳት ካለበት አሳልኩ» አለ። ከሃያ ሦስቱ ዘጠኙ ሄደዋል። ዘጠኙም ከበበ ጆሮ ላይ ተናገሩት።

ማደሪያቸው የእኛ ቤት ነበር። ምድጃው ቀዝቃዛ፣ ግድግዳው እርጥብ። የከበበ ኩታ ውሃ ጠጥቶ ጀርባው ላይ ተለጥፏል፤ የሚደርቅበት ፍም የለም። ከበበ ምድጃውን እያየ ጥርሱ ይንገጫገጫል። እሳት የላችሁም እንዴ ብሎ ጠየቀኝ፤ እመኑኝ፣ ጠየቀኝ! ምላሴ ላይ የመጣውን መለስኩት። ልጆቼም ሰሞኑን የሚሞቁት ይህንኑ ባዶ ምድጃ ነው አልኩና ተውኩት። እሳት የማይፈልግ ምግብ በሶ ነው፤ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጬ ሰጠሁት። ዓይኑ ፈጠጠ። ከቡዳ ቤት የቀመሰ ሲያጓራ ያድራል ሲሉ ሰምቷልና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ረቡዕ ግን ያን ሁሉ ዳገት ወጥቶ ወርዶ ሲመለስ እግሩ ይንቀጠቀጥ ነበር። በሶ በቅል በጥብጬ ፊቱ አስቀመጥኩለት። አማተበ፤ በእጁ መልሶ ገፋው፤ እንደገና አማተበ። ከዚያ ቅሉን አነሳና እስከ ጭላጩ ጠጣው፣ ይደገምልኝም አለ። ደገምኩለት። ምን ላድርግ፤ እየጠላሁት አሳዘነኝ። ዲንሳ እንደ ቆመ ሲያየው ነበር።

ሐሙስ ሾላው ሥር የቆመ ሰው ይህን ያህል ነው አይባልም። ዳኛው ሽማግሌ ናቸው፣ ጨርሶ የማይቸኩሉ። ዲንሳ ገበሬዎቹን ቆጥሮ የደረሰበትን ጉዳት ተናገረ። ከበበ ስለ ዘጠኙ ገበሬ መካድ አልቻለም፤ እዚያው ነበረ። ስለ ምሳሮቹም አልካደም። የቀረው አንድ ቃል ነው፤ ይህ ሰው ቡዳ ነው፣ ያየውን ይበላል፣ እንዲህ ያለውን ሰው ከሰል ብከለክለው አይፈረድብኝም አለ። ሕዝቡ አጉረመረመ። ከሕዝቡ መሀል አንዳንዱ እውነቱን ነው እያለ ራሱን ሲነቀንቅ አየሁ። ሄድን አልኩ በልቤ፣ ከየካ ተነቀልን።

ዳኛው ቡዳ አለመሆንህን የሚመሰክርልህ አለ ወይ ብለው ዲንሳን ጠየቁት። ማን ይመሰክራል? ፈዬራ እንኳ አጎነበሰ። ዲንሳ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እሳት ሳይኖር ቀጥ ብሎ ቆመ። እግሩ አልተንቀሳቀሰም።

«ጌታዬ» አለ፣ «ምስክሬ ከጎኔ ተቋጥሯል። ሁለት ቀን ዓይን ለዓይን ስንተያይ ከርመናል። ትናንት ከሚስቴ እጅ ሁለት ቅል በሶ ጠጥቷል። ተበልቶ እንደሆነ ይናገር።»

ዳኛው ወደ ከበበ ዞሩ። ጠጥተሃል ወይ አሉት። ከበበ ላብ አጠመቀው። ሊክድ አፉን ከፈተ፣ ዓይኑ እኔን አገኘኝ፣ ዘጋው። ጠጥቻለሁ አለ። አመመህ ወይ አሉት። አላመመኝም አለ። በመጀመሪያ የሳቀችው ሸክላ ሠሪዋ ናት፤ ከዚያ ገበያው በሙሉ ሳቀ፣ ዳኛውም በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፈኑ። እኔ አልሳቅኩም፤ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ፍርዱ አጭር ነበር። የቀረው ከሰል ሁሉ እስከ ቅዳሜ ይውረድ፣ የሳምንቱም እንደ ዱሮው ይቀጥል፣ በሄዱት ዘጠኝ ገበሬዎች ፈንታ በታኅሣሥ ከከበበ ጎተራ ለዲንሳ አምስት አምስት ቁና ይሰፈር። ቋጠሮው ሲፈታ ከበበ ኩታውን ሰብስቦ ማንንም ሳያይ ሄደ። ዲንሳ ቤት እስክደርስ አልጠበቀኝም፤ ሮጠ። ከሰሉ ዓርብ ማለዳ መጣ። ፍሙ ሲይዝ ምድጃው ፊት ተቀመጠና እስከ እሑድ ዋዜማ አልተነሳም። እኔም ልብሴን አደረቅኩ።

ታኅሣሥ ማርያም ዕለት ከበበ ራሱ አህዮች እየነዳ መጣ። እህሉን ከአጥር ውጭ አወረደ፤ ወደ ውስጥ ግን አልገባም። እንግዳ ደጄ ቆሞ ባዶ አፉን አይሄድምና በሶ በጥብጬ ወጣሁለት። መንገዱ ከበዓሉ በሚመለስ ሰው ሞልቷል። ከበበ ቅሉን አይቶ እንዳላየ ሆነ፤ የአህያ ጭነት ገመድ መጠቅለል ጀመረ። ጠቀለለ፣ ፈታ፣ ጠቀለለ። መንገዱ ጭር ሲል ግራ ቀኝ አየና እጁን ዘረጋ።

ቅሉን ወደ ደረቴ መለስኩት።

«ሰው እያየዎት ነው የሚጠጡት» አልኩት።

እጁ እንደተዘረጋ ቆየ። ደህና ሰው ይሆን ይሆናል፣ እኔ አላውቅም፤ ፊቱ ግን ሲቀላ አይቻለሁ። ከላይ ደግሞ ሌሎች በዓለኞች እየወረዱ ነበር። እስኪደርሱ ጠበቅኩት። ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው አህዮቹን ነድቶ ሄደ።

ከቤት የዲንሳ መዶሻ ድምፅ ይሰማል። እህሉን ለካሁት፤ አንድ ቁና አልጎደለም። በሶውን እዚያው ደጃፌ ላይ፣ በዓለኞቹ እያዩኝ፣ ቆሜ ራሴ ጠጣሁት።