ከበዴሳ የመጣው ስልክ

ሶዶ ውስጥ «ጣሊያን ቤት» ይባል የነበረው የእኛ ቤት ነው። ጣሊያን ግን አልነበረበትም። ባለቤቴ በወጣትነቱ መንገድ የሚሠሩ ጣሊያኖች ካምፕ ውስጥ የወጥ ቤት ረዳት ነበር። እዚያ የአንድ ሽማግሌ ጣሊያንን እጅ እያየ ስጎውን፣ ላዛኛውን፣ ሚኒስትሮን የሚሉትን የአትክልት ሾርባ፣ ሊጡን በእንቁላል ማሸቱን ተማረ። መንግሥት በተለወጠ በሁለተኛው ወይ በሦስተኛው ዓመት፣ ሰው እንደገና ንግድ መክፈት ሲደፍር፣ የመኖሪያ ቤታችንን የፊት ግድግዳ አፍርሰን አምስት ጠረጴዛ ዘረጋን። ባለቤቴ ስጎውን ይዞ፣ እኔ ሾርባውንና ሰላጣውን፣ ልጃችን መስተንግዶውን።

ሊጡ መጀመሪያ የባለቤቴ ነበር፤ ልጃችን ሚስት ሲያገባ የምራቴ ሆነ። ከቢጠና የመጣች ልጅ ናት፤ ከእኛ ቤት በፊት ላዛኛ የሚባል በዓይኗም አይታ አታውቅም። በስድስት ወር ውስጥ ባለቤቴን በለጠችው። ስትዳምጠው ከሥሩ ያለው የጠረጴዛ ልብስ አበባው ወለል ብሎ እስኪታይ ድረስ ታሳሳዋለች። ባለቤቴ መጀመሪያ ቅር ብሎት ነበር። ኋላ ግን ደንበኛ ሲያመሰግነው «እኔ ነኝ ያስተማርኳት» ማለት ጀመረ፤ እሷም «አዎ፣ አባባ ናቸው» ትላለች፣ እየሳቀች።

ሰው የሚመጣው ግን ለፓስታ ብቻ አይመስለኝም። ለወሬም ነው። ባንኮኒው ላይ ስልክ ነበረን፤ ያኔ በሰፈሩ ስልክ ያለው ቤት ጥቂት ነው። ከበዴሳ፣ ከአርባ ምንጭ፣ ከአዲስ አበባ የሚደወለው ሁሉ እኛ ዘንድ ይመጣል። የትኛው መምህር ተዛወረ፣ የማን ልጅ ታጨች፣ ማን ወለደች፣ ከእኛ የሚያመልጥ የለም። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ይህንንም እኔ እያወራሁ የልጅ ልጄ ናት የምትጽፈው። ግን የሰማሁትን መልእክት እስከ ማታ አንድ ቃል ሳልጥል ለባለቤቱ አደርሳለሁ።

የሞት ወሬም እኛው ዘንድ ነው የሚመጣው። እሱ ደግሞ የራሱ አነጋገር አለው። በስልክ «ሞተ» የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም። «ትንሽ አሞታል፣ ልጁ ይምጣ» ነው የሚባለው። ያን ጊዜ እኛ ነገሩ ይገባናል። ለልጁም ወዲያው አንነግረውም። መጀመሪያ ይበላል፤ ከሰማ በኋላ እህል አይወርድለትምና። አንድ ሁልጊዜ በር አጠገብ ያለው ወንበር ላይ የሚቀመጥ፣ ቀልድ የማያልቅበት መምህር ደንበኛ ነበረን። የእናቱ መርዶ ሲመጣ ሁለት ሳህን ፓስታ አብልተን፣ ሻይ አጠጥተን፣ ከዚያ ነው «እናትህን ትንሽ አሟቸዋል» ያልነው። አንገቱን ደፋ። ነገሩ ገብቶታል።

ወደ ምራቴ ልመለስ። ከአባቷ ጋር አራት ዓመት አልተያዩም ነበር። እሳቸው በቢጠና የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ናቸው፣ ፕሮቴስታንት። እኛ ኦርቶዶክስ ነን። ሠርጉ በእኛ ይሁን፣ በእነሱ ይሁን ሲባል ሁለቱም ወገን ገመዱን ጎተተ። ልጆቹ ሰልችቷቸው ማዘጋጃ ቤት ሄደው ፈረሙ። አባትየው «እንግዲህ ያገባሽበት ኑሪ» አሉ፤ ከዚያ ወዲያ ድምፃቸው ጠፋ። እሷ በየመስቀሉ «ልሂድ?» ትለኛለች። በመጨረሻው መስቀል ጓዟን ሁሉ አዘጋጅታ ነበር። «ደጃፋቸው ላይ ቢመልሱሽ ትሰበሪያለሽ፤ ለከርሞ» ብዬ ያስቀረኋት እኔ ነኝ።

እንግዲህ በዚያው ዓመት፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ስልኩ ጮኸ። ባለቤቴ አነሣው።

«ምን? ጮክ በል … እሺ … እሺ … ሃሎ?»

መስመሩ ተቆረጠ። ስልኩን ቀስ አድርጎ አስቀመጠው።

«ከበዴሳ ነው፤ የአባቷ ጎረቤት ከቢጠና ወጥቶ ነው የደወለው» አለኝ። «አባቷን ትንሽ አሟቸዋል፣ ትምጣ አለ።»

ተያየን። መምህሩ ከወንበሩ ሆኖ ሰምቷል። ሹካውን አስቀመጠ።

«ቀብሩ መቼ ነው አለ?» አለ በዝግታ።

«ሳይናገር ተቆረጠ።»

እኔ «ለከርሞ» ያልኳት ትዝ አለኝ። ከርሞ የት አለ አሁን?

መምህሩ «እኔን አብልታችሁ አይደል የላካችሁኝ? እሷንም አብሏት» አለ።

ባለቤቴ ወደ ጓዳ ገባ። እሷ ሊጡን እየቆረጠች ነበር።

«ነይ፣ ተቀመጪና ብዪ» አላት።

«አባባ፣ ላዛኛው ገና ምድጃ አልገባም እኮ።»

«እኔ አስገባዋለሁ። ነይ።»

አመጣትና መምህሩ ፊት አስቀመጣት። በገዛ እጁ ፓስታ አወጣላት፣ ፎርማጆውን እንደ በረዶ አዘነበበት። ለሀብታም ደንበኛ እንኳ እንዲያ አያደርግም፤ በፎርማጆ ንፉግ ነው። እሷ ሳቀች።

«ዛሬ ደንበኛዋ እኔ ነኝ እንዴ? እንግዲያው ለወጥ ቤቱ ጨው አንሶታል በሉልኝ።»

ማንም አልሳቀም። እርቧት ነበር፣ ከንጋት ጀምራ ቆማ ነው ያለችው፤ እየጠቀለለች በላች። ሳህኑን በዳቦ ጠረገችው። ከዚያ ቀና ስትል አምስቱም ጠረጴዛ እሷን እያየ ነው፣ የሚያኝክ ሰው የለም። እሷም በዚህ ቤት አራት ዓመት ኖራለች፤ ስንቱን ሰው ከእኛ ጋር ሆና አብልታለች። ዳቦው እጇ ላይ ቀረ።

«ማነው?» አለች።

«አባትሽን ትንሽ …» አለ ባለቤቴ።

ወንበሩን ይዛው ወደቀች። «አዋ፣ አዋ» እያለች አባቷን በወላይትኛ ትጠራለች፤ ሌላ ቃል አልወጣትም። ልጄ ከውጭ ሮጦ ገባ። ጎረቤቱ መጣ፣ የእድሩ ሰዎች መጡ። ወንበሮቹን ደረደርን፣ በሩን ገርበብ አደረግነው። ደንበኞቹ የጀመሩትን ትተው ተነሡ፤ ግማሾቹ፣ መምህሩም ጭምር፣ አብረውን ሊሄዱ። አንዱ ደንበኛችን አይሱዙ ነበረው፣ እሱ ሊወስደን ተሰናዳ። የቀሩት በሌላ መኪና ሊከተሉ ተስማሙ። ለለቅሶ ቤት ባዶ እጅ አይኬድምና የዕለቱን ሾርባ ከነድስቱ፣ ዳቦውን በማዳበሪያ ጫንን።

እሷን ሹፌሩ አጠገብ፣ ከባሏ ጋር አስገባናት። እኛ ከላይ ወጣን። የልጃቸው ልጅ፣ ይህችው አሁን የምትጽፍልኝ፣ ገና ሁለት ዓመቷ ነው፤ ጀርባዬ ላይ አዝያታለሁ። የቢጠናው አያቷ አንድ ቀንም አላዩዋትም። መንገዱ ኮረኮንች ነበር፣ አቧራው ነጠላችንን ሁሉ ቀይ አደረገው። በዴሳ ስንደርስ ገበያ ነው፤ ሰው ነጠላችንን አዘቅዝቀን መልበሳችንን ሲያይ ባርኔጣውን ያወልቃል። እኔ የማስበው አንድ ነገር ነው። ልቧ ሲመለስ «ለከርሞ» ያልሺኝ አንቺ ነሽ ብትለኝ ምን እመልሳለሁ?

ቢጠና ደረስን። መንገዱ ስለጠበበ መኪናው ከግቢው በታች ቆመ። እሷ እግሯ አልቆም ብሎ ውስጥ ቀረች፣ ባሏ ይዟታል። እኛ ቀድመን ወጣን፤ እንደ ወጉ ከአጥሩ ጀምረን እያለቀስን ገባን። ድንኳን የለም። ሰውም የለም። ቀብረው ተበትነዋል ብዬ ይበልጥ አለቀስኩ።

ከቤቱ ጀርባ አንድ ረጅም ሽማግሌ ወጡ። ጋቢ ለብሰዋል፣ ከሲታ ናቸው፣ ከዘራ ይዘዋል።

«ማን ሞተ?» አሉ።

እኔና ባለቤቴ በሽምግልናው ጊዜ አይተናቸዋል፤ እሳቸው ናቸው። ባለቤቴ ራሱን ያዘ። ከሰፈራችን አብራን የመጣች አንዲት ሴት ግን አታውቃቸውም። አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ «እግዜር ያጽናዎት፣ አባቴ» እያለች ታለቅሳለች።

«አሜን፣ ያጽናሽ ልጄ» አሉ እሳቸው። «ማን ነው ግን?»

ለሰው «የሞቱት እርስዎ ነዎት» ይባላል? እሳቸው አንድ በአንድ አዩን። እኔን አወቁኝ። ከዚያ ጀርባዬ ላይ ያለችውን ሕፃን አዩ። ቁርጥ ልጃቸውን ናት።

«እናቷስ?» አሉ።

መናገር አቃተኝ። በሕይወት አሉ እኮ፤ ደስታው ነው ምላሴን የያዘው። እሳቸው ግን ሽማግሌ ናቸው፣ ስንት ቤት መርዶ ያደረሱ። ዝም ያለ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ። ሕፃኗን አያት አዝላታለች፣ እናት የለችም፣ የሶዶ ሰው ሁሉ እያለቀሰ መጥቷል። ከዘራው ከእጃቸው ወደቀ። እሳቸውም ተከትለውት መሬት ላይ ተቀመጡና ደረታቸውን መቱ።

«እኔ ነኝ የገደልኳት» አሉ። በልጅነት ስሟ ሦስት ጊዜ ጠሯት።

ሦስተኛው ጥሪ መኪናው ዘንድ ደረሰ። የአባቷን ድምፅ የማታውቅ ልጅ የለችም። እግሯ አልቆም ያላት ልጅ በሩን በርግዳ ስትወጣ፣ ባሏ ነጠላዋን ብቻ ይዞ ቀረ። እየሮጠች ገባች። አባትና ልጅ አቧራው ላይ ተያይዘው የሚያወሩትን አልነግራችሁም፤ ወላይትኛ ነበር፣ ደግሞም ከለቅሶ ጋር ነው፣ ግማሹን እኔም አልሰማሁት። እኔ ሕፃኗን አውርጄ ከጎናቸው አስቀመጥኳት። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፌ ቁጭ አልኩ። ያለ ምክንያት ሳቅሁ።

ስልክ የደወለው ጎረቤት ተጠርቶ መጣ። እህል ነጋዴ ነው።

«አንተ ሰው፣ ምንድን ነው ያልከን?» አለው ባለቤቴ።

«ጋሼ ያሉኝን ነዋ። ትንሽ አሞኛል፣ ትምጣ በልልኝ አሉኝ። ትንሽ አሟቸዋል፣ ትምጣ አልኩ።»

«እንደዚህ ይባላል?»

«ታዲያ ምን ልበል?»

«በጣም አሟቸዋል፣ ሊሞቱ ነው ብትል ኖሮ» አለ መምህሩ፣ «በእርጋታ ቁርሳችንን ጨርሰን እንመጣ ነበር።»

ሽማግሌው እዚህ ላይ ሳቁ፤ ሳል አቋረጣቸው። ወባ ነበር። ቢጠና ቆላ ነው፣ ወባው አይጣል ነው። «ሦስት ቀን ጣለኝ» አሉ። «ተኝቼ ጣራውን ሳይ፣ ይኼ ሁሉ ኩራት በማን ላይ ነው አልኩ። ሲሻለኝ ይኼን ሰውዬ ላክሁት።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ይምጡ፣ እዚህ ይቀመጡ» አሉኝ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ለከርሞ ማለቴን ነገርኳቸው፤ ሳልናገረው ብውል ይፈነዳብኝ ነበር።

«በመስቀል መጥታ ቢሆን እመልሳት ነበር» አሉ። «ደግ አደረጉ።»

እውነታቸውን ይሁን እኔን ሊያሳርፉ እስከ ዛሬ አላውቅም። ግን አረፍኩ።

ሾርባው ገና ከመኪና እየወረደ ሳለ ከታች የሁለተኛው መኪና ድምፅ መጣ። የእድሩ ሰዎች ናቸው። ከአጥሩ ማዶ ለቅሷቸውን ጀመሩ፣ እንደ እኛው። ባለቤቴ ሊያስቆማቸው ብድግ አለ።

«ተቀመጥ» አሉት ሽማግሌው። «ለእኔ የመጣ ሰው ነው፤ እኔ ነኝ የምቀበለው።»

ምራቴ ክንዳቸውን ይዛ አስነሣቻቸው። ጋቢያቸውን ከአቧራው እያራገፈችላቸው፣ ቀስ እያሉ ሁለቱም ወደ በሩ ወረዱ።