የእማማ ሙቀጫ

እማማ፣ ዛሬ ጠዋት ጎደሬ ቀቅዬ ነበር... እንዳትስቂ።

ካንቺ ቀብር በኋላ የቆዩት ለቀስተኞች ትናንት ሄዱ። አክስቴም ትንሿን እህቴን ይዛት ወደ አማን ተመለሰች። «ቤቱን ቆልፍና አንተም ና፤ ባዶ ቤት ብቻህን ምን ትሠራለህ?» አለችኝ። ፈተና አለብኝ አልኳት። እውነቴን ነው፣ አለብኝ። ግን የቀረሁት እኛን ያሳደግሽበት ቤት ሲቆለፍ ማየት ስላልቻልኩ ነው።

«እሺ፣ ቅዳሜ መጥቼ አይሃለሁ። ካልሆነልህ ግን ይቆለፋል» ብላኝ ሄደች።

ዛሬ ስነሳ ሰውነቴ ሁሉ ዝሏል። ሰሞኑን ወንበርና ውኃ ሳመላልስ ነው የከረምኩት። ቤቱ ጭጭ ብሏል። እሳቱን እየቆሰቆስሽ «ተነስ እንጂ፣ ፀሐይ ቀደመችህ!» የምትይኝ አንቺ የለሽም። ዝምታው ሲከብደኝ ለራሴ ጨሞ ላፍላ ብዬ ተነሳሁ።

ጨሞ ለማታውቁ... የቡና ቅጠል ታምሶ፣ ከዝንጅብል፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከሚጥሚጣ ጋር ተወቅጦ የሚፈላ የእኛ አገር የጠዋት መጠጥ ነው። አያቴ እማማ ልጆቿንም፣ እኛን የልጅ ልጆቿንም ስታሳድግ በየጠዋቱ ስታፈላው ኖራለች። ከጌጫ ተድራ ስትመጣ ባሏ በጠረበላት ሙቀጫ ነበር የምትወቅጠው። ለራሷ የምትቀዳው ሁሉም ጠጥቶ ሲያበቃ ነው። አንዳንድ ቀን ዝቃጩ ብቻ ይደርሳታል። «እኔን ሽታው ይበቃኛል» ትል ነበር።

ጎደሬውን ጣድኩ። ቅጠሉን አምሼ መውቀጥ ጀመርኩ። ድም... ድም... ድም...

ብዙም ሳልቆይ ውጭ የሩጫ ኮቴ ሰማሁ። ጎረቤታችን እትዬ ማርታ ነጠላቸው መሬት እየጎተተ በሩ ላይ ደርሰው ቀጥ አሉ። ከኋላቸው ባላቸው ጋሽ ዮሐንስ ከዘራቸውን ይዘው።

«በኢየሱስ ስም! ማነው የሚወቅጠው?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«ልቤን አወረድከው እኮ! እኔማ እሷ መስላኝ...» ብለው በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ።

ያኔ ነው የገባኝ። አንቺ ለጨሞ ማንንም ጠርተሽ አታውቂም። ትወቅጫለሽ፣ ድምፁን ሰምተው ይመጣሉ። እኔ ለራሴ ብቻ የወቀጥኩ መስሎኝ ጎረቤት ጠርቻለሁ።

ጋሽ ዮሐንስ ገብተው የሁልጊዜ ዱካቸው ላይ ተቀመጡ።

«ከጠራኸን አይቀር ቅዳ እንጂ!»

በሽክና ቀዳሁላቸው። ጎደሬውንም አቀረብኩ። ጋሽ ዮሐንስ አንዴ ጎረሱና ዓይናቸው ፈጠጠ። በደንብ ያልበሰለ ጎደሬ ጉሮሮ ያሳክካል። ይኼን ማንም ያውቃል፤ ግን ያንቺ አሳክኮኝ ስለማያውቅ ትዝም አላለኝ።

«ልጄ» አሉ አንገታቸውን እያሻሹ፣ «ይሄ ጎደሬ ገና ነፍስ አለው።»

እትዬ ማርታ ሳቁ። ከቀብሩ ወዲህ እዚህ ቤት ሲሳቅ የመጀመሪያው ነው። እየሳቁ ማልቀስ ጀመሩ... እኔም ተከተልኳቸው።

«እናንተ ሰዎች፣ ጨሞው ቀዘቀዘ» አሉ ጋሽ ዮሐንስ ወደ እሳቱ እያዩ።

ሲወጡ እትዬ ማርታ «ነገ ጎደሬውን እኔ ቀቅዬ አመጣለሁ፤ አንተ መውቀጥ ብቻ» አሉኝ።

«ነገም ልትመጡ ነው?»

«ከወቀጥክ ምን ምርጫ አለን?» አሉ ባላቸው። «አክስትህ ቅዳሜ ስትመጣ እኛም እዚሁ ታገኘናለች።»

ከሸኘኋቸው በኋላ ለራሴ ልቀዳ ብል ዝቃጩ ብቻ ቀርቷል። ጠጣሁት። ሽክናዎቹን አጥቤ እንደምታደርጊው ደፋሁና ደብተሬን ይዤ ሮጥኩ።

ክፍል ስደርስ መምህራችን ሰዓታቸውን አሳዩኝ። «ምን ሆነህ ነው የምታረፍደው?»

«እንግዳ መጥቶብኝ ነው» አልኳቸው።