ከሰዓቱ ክዳን ውስጥ የጠፋው ጭረት

ሰዓት ሠሪው ሲናገር ድምፁ ከጉሮሮው አያልፍም ነበር። ደንበኛ መጥቶ "ደርሷል?" ሲለው እንኳ መልሱን የሚነግረው ለሰዓቱ እንጂ ለሰውየው አይመስልም። ሠፈሩ "ዝምታው" ብሎ ስም ያወጣለት ለዚህ ነው። ፊደል ለይቷል፤ ማንበቡ ግን እያነከሰ ነው። ለመጻፍማ፣ ብዕር ከሚጨብጥ የዝንብ ክንፍ የምታህል የሰዓት ጥርስ በወረንጦ ቢይዝ ይቀለዋል።

እንዲህ ያለ ሰው ስሙ በኢንተርኔት ይነሳል ብሎ ማን ያስባል? ነገሩን ያመጣችው የወንድሙ ልጅ ናት። እሷና አብሯት የተማረ አንድ ጺማም ወጣት፣ ከጫማ ሱቅ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ሁለት ጠረጴዛ ዘርግተው ለአሮጌ ሰዓት ወዳጆች የሚሆን ድረ ገጽ ከፈቱ። ሰው የአያቱን ሰዓት ፎቶ አንስቶ ይለጥፋል፣ ምን እንደነካው ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል። መጀመሪያ ላይ ጠያቂው ሞልቶ መላሽ ጠፋ። ልጅቷ ስልኳን ይዛ ወደ አጎቷ ሱቅ የመጣችው ያን ጊዜ ነው።

"ጋሼ፣ አንተ ዝም ብለህ አውራ። ጽሑፉን ለኔ ተወው።"

"ዝም ብዬ እንዴት ነው የማወራው?"

ቀልድ ማለቱ አልነበረም። እሷ ግን ሳቀች፤ በመሳቋ እሱም ደስ አለው።

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ሐሙስ እሱ ያወራል፣ እሷ ትቀዳለች። "ዘይት አታብዙበት፤ ሰዓትም እንደ ሰው ነው፣ ሲጠግብ ይተኛል" ያላት ነገር ሰዉ ሁሉ የሚቀባበለው ተረት ሆነ። ጺማሙ በመንገድ ሲያገኘው፣ "አለቃችን እርስዎ ነዎት፤ እኛ ተላላኪ ነን" ይለዋል። ዝምታው መሬት መሬቱን እያየ ያልፋል።

እሱ ግን የራሱ ጉዳይ ነበረው።

ሰዓት የሚጠግን ሰው ሥራውን ሲጨርስ፣ ከኋላ ክዳኑ በስተውስጥ በመርፌ ጫፍ ምልክቱን፣ ወሩንና ዓመቱን ይጭራል። ሰዓቱ ሌላ ጊዜ ሲከፈት ማን መቼ እንደነካው ይታወቃል። ባለቤቱ አያየውም፤ ባለሙያ ለባለሙያ የሚጽፈው ደብዳቤ ነው። የዝምታው ምልክት ትንሽ ክብ ናት። አንድ ልጁ ሙያውን ሲማር ያችኑ ክብ ወስዶ ጅራት ቀጠለላት። "ያንተ እንደቆመች ቀረች፤ የኔ ትሄዳለች" እያለ ያሾፍ ነበር።

እውነትም ሄደች። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ልጁ የአንድ ሰዓት ስስ ሽቦ ቢበጥስ፣ አባትየው ደንበኛ ፊት፣ "ይሄ ግራ እጅህ ለመዶሻ እንጂ ለሰዓት አልተፈጠረም" አለው። በዕድሜው ድምፁን ከፍ ያደረገው ያን ቀን ብቻ ነው። ልጁ አጉሊ መነጽሩን ኪሱ ከቶ ወጣ፤ ወጥቶም ቀረ። ለጠየቀ ሁሉ፣ "ሥራ አግኝቶ ነው፣ ይደውላል" ይባላል፤ ደውሎ ግን አያውቅም። አምና የዝምታው ሚስት፣ "አንተ ሰውዬ፣ እግራችን ሳይከዳን ወጥተን እንፈልገው" ብላ ለመነችው። "የወጣ እሱ ነው፣ እሱ ይምጣ" አላት። ኩራት አልነበረም። ልጁ ሲያየው ፊቱን ቢያዞርበትስ ብሎ ፈርቶ ነው፤ ይህን ግን ለሚስቱም አልነገራት።

አንድ ሐሙስ ለወንድሙ ልጅ ጅራታሟን ክብ ወረቀት ላይ ሣለላት።

"ይቺን የመሰለች ምልክት ክዳን ውስጥ ያየ ካለ ጠይቂልኝ።"

"የማን ናት?"

"የአንድ ሠራተኛ። ለ... ለሙያ ነው።"

በሦስተኛው ሳምንት፣ ራሱን "የጥንት ወዳጅ" ብሎ የሚጠራ አባል ፎቶ ለጠፈ። ክዳኑ ውስጥ ሦስት ጅራታም ክቦች ከላይ ወደ ታች ወርደዋል። አንደኛዋ የዛሬ ስምንት ዓመት፣ ሁለተኛዋ የዛሬ አራት ዓመት ትላለች። የሦስተኛዋን ቁጥር ጥላ ሸፍኖታል።

ዝምታው አጉሊ መነጽሩን አጥልቆ ስልኩ ላይ አቀረቀረ። "ጋሼ፣ በጣትህ ብትለጥጠው እኮ ይተልቃል" ብላ ልጅቷ ሳቀች፤ ቀና እንዳላለ ስታይ ግን ሳቋን ዋጠችው። ጭረቱ ቀጭን ነው፣ አንድም ቦታ አልተሰበረም። እጁ በስሏል፣ አለ በልቡ። ከኔም በልጧል።

"የመጨረሻዋን ቀረብ አድርጎ እንዲያነሳልን ንገሪው።"

በማግስቱ ጠዋት ሱቁን ሳይከፍት ወደ እነ ልጅቷ ክፍል ወጣ። ደረጃውን ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር። ጺማሙ የራሱን ወንበር ለቀቀለት። መልሱ ደርሶ ነበር፤ ልጅቷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው።

"ለመምህራችን ክብር ብዬ፣ እንዳስተማሩን ክዳኑን ከውስጥም ከውጭም ወልውዬዋለሁ። አሁን ለፎቶ ያምራል።"

በፎቶው ላይ ክዳኑ እንደ መስታወት ያበራል፤ የአንሺው ጣት ሳይቀር ይታይበታል። ክቦቹ የሉም።

አዎ፣ ያስተማረው እሱ ነው። "ዝገት የሚጀምረው ሰው ከማያየው በኩል ነው፤ ውስጡንም ወልውሉ" ብሎ ነበር። ምልክቱን አትንኩ ማለት ትዝ አላለውም፤ ለባለሙያ ይህ አይነገርማ። ሰዓት ወዳጅ ግን ባለሙያ አይደለም፤ ጭረት ሲያይ ጉዳት ይመስለዋል።

"የኔ ልጅ ነው" አላት።

"ማን? ሰውዬው?"

"ክቦቹን የጫረው።"

ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች። ጺማሙ፣ "ይህን ታሪክ ብናወጣው እኮ ስንት ሺህ ሰው ይፈልግልናል፣ ገጹም..." ካለ በኋላ ዓይኗን አይቶ የቀረውን ተወው። ሰዓቱን ከማን እንደገዛው ለአባሉ ጻፉለት። ሰውየው ፈጥኖ መለሰ።

"ዘንድሮ ከአንዲት ሴት ነው የገዛሁት፤ የባሏን ዕቃ መንገድ ዳር ዘርግታ ትሸጥ ነበር። ሰዓት ጠጋኝ ነበር፣ በግራ እጁ ነው የሚሠራው፣ ወረንጦውን እንኳ ለግራ እንዲመቸው አጣሞታል አለችኝ። አሞት ነው የሞተው። መቼ እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ከሳምንት በኋላ ሌላ ዕቃ ልገዛ ብሄድ አጣኋት፤ ወደ ዘመዶቿ ገባች አሉኝ፣ ወዴት እንደሆነ የሚያውቅ የለም።"

መሐል ላይ የልጅቷ ድምፅ ተቆርጦ ነበር። "ጨርሺው" አላት። ጨረሰችው።

ዝምታው አንድ ነገር ብቻ አስጠየቀ፤ ሦስተኛዋ ክብ የአምና ናት ወይስ ከዚያ በፊት? አምና ከሆነች፣ እናቱ እንፈልገው እያለች ስትለምን ልጁ በሕይወት ነበር፤ የሆነ ቦታ ተቀምጦ፣ መርፌ ይዞ።

"አላየኋትም፣ ይቅርታ። ቆሻሻ መስላኝ ነው" የሚል መጣ። ቀጥሎም፣ "ምነው፣ አጠፋሁ እንዴ?"

"አትንገሪው" አለ ዝምታው። "ምን አጠፋ። በደንብ ወልውሎታል፣ እግዜር ይስጥልኝ በዪው።"

ቤት ሲደርስ ሚስቱ የታጠበ ልብስ ታጥፋለች። በዚህ ሰዓት መምጣቱ ገርሟት ቀና አለች።

"ምን ሆነሃል?"

"ልጃችን የለም" አላት። የሰማውን አንድ ሳያስቀር ነገራት፤ ሚስት እንደነበረችው፣ ሙያውን እንዳልጣለ፣ እጁ እንደበሰለ። እሷ የያዘችውን ሸሚዝ እጥፋቱን ትፈታለች፣ መልሳ ታጥፈዋለች።

"መቼ ነው?" አለች።

ከአምና በፊት ቢላት ታምነዋለች። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር፤ ለሷም ለሱም ይቀላል።

"አላውቅም። የሚያሳውቀን ጭረት ነበረ፤ ሰው በኔ ምክር ወልውሎ አጠፋው።"

"አምና ብንሄድ ኖሮ..." ብላ ጀመረችና ሳትጨርሰው ሸሚዙን አስቀመጠች። እሱ አጠገቧ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ልጁ ከወጣ ጀምሮ ዓይኗ እያየው ሲያለቅስ ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር።